የጋሽ ካሣዬ ወንድ ኮረሪማ

ጋሽ ካሣዬ ጡረታ የወጣው ከመሪ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሚዛን ተፈሪ ቡና ጭኖ፣ በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነው፤ መጀመሪያ በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ በኋላ በአይሱዙ። ሌላው ሾፌር ጡረታ ሲወጣ ወይ ሱቅ ይከፍታል፣ ወይ መናኸሪያ ተቀምጦ የወጣቶቹን አነዳድ ሲያማ ይውላል። እሱ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ በሩን ዘግቶ ጓሮው ገባ። ለምን ሲሉት፣ «ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ሞተር ይጮኻል፤ ዝም የሚል ነገር ነው የምፈልገው» ይላል። ጎደሬ ደግሞ በዚህ አይታማም።

ጓሮው እንኳ ይህን ያህል ሰፊ አይደለም። እንሰት አለ፣ ሙዝ አለ፣ ጎደሬና ዝንጅብል አለ፤ ከአጥሩ ጥግ፣ ከትልቁ ዋንዛ ጥላ ስር ደግሞ ኮረሪማው አለ። የማወራችሁ ስለዚህ ኮረሪማ ነው። የመጣው ከጌጫ ነው። ሚስቱ የሺሃረግ የጌጫ ልጅ ናት፤ ገና አዲስ ተጋቢ ሳሉ ከእናቷ ጓሮ ሥሩን አስነቅላ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በእሱ መኪና ጋቢና ውስጥ እግሯ ስር አድርጋ አመጣችው። አብረው ተከሉት። ተባዝቶ ተባዝቶ ዛሬ ሰው ቢገባበት የማይታይ ጫካ ሆኗል። ታዲያ ምን ያደርጋል! ተተክሎ እስከ ዘንድሮ አንዲት ፍሬ ሰጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ካሣዬ የተወለደው ከደብረ ብርሃን በላይ፣ ብርድ አገር ነው። እዚያ ገብስ የሚያፈራው አናቱ ላይ ነው፤ ሰው ከማሳው ዳር ቆሞ አየት ያደርግና «ዘንድሮስ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ኮረሪማውንም እንደዚያ ነበር የሚጠብቀው። ክረምት በመጣ ቁጥር አንገቱን ሰቅሎ የአገዳውን ጫፍ ጫፍ ያያል። ጫፉ ላይ ቅጠል ብቻ። ከስር ግን እንከን አይገኝበትም ነበር። መኪናውን ሳያጥብ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ከኮረሪማው ስር ደግሞ የወደቀ ቅጠል ማየት አይወድም። ዝናቡ ሲጀምር መኮትኮቻውን ይዞ ይገባና የደረቀውንም፣ ከአገዳው በቀር ከአፈሩ ብቅ ያለውንም፣ ምኑንም ምኑንም ሳያስቀር ፍቆ ጠርጎ፣ መሬቱን ልክ እንደ ሳሎን ያደርገዋል። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ያያል።

በመጨረሻ ሲሰለቸው አንድ ነገር ወሰነ። «ወንድ ነው» አለ። ማንን ጠይቆ፣ ከየት አምጥቶ እንዳለው የሚያውቅ የለም። ጎረቤት ቅቤ መጠቅለያ ቅጠል ሊለምን ሲመጣ፣ «ቁረጡ፣ ቁረጡ፣ እሱ እንደሆነ ወንድ ነው» ይላል። ጎረቤቱም ሰውየው ለቅጠሉ ብሎ ነው ያቆየው ብሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። በሰው ጓሮ ምን ጥልቅ ያደርገዋል!

ከሁሉ ይበልጥ የምትቀልድበት ዘይቱና ናት። ዘይቱና ከስልጤ የመጣች ባለሱቅ ናት፤ ቅመም ትሸጣለች። ጋሽ ካሣዬ ለቤቱ ኮረሪማ የሚገዛው ከእሷ ነው።

«ጋሽ ካሣዬ፣ አሁንም ከእኔ? ያ ሁሉ ጫካ ጓሮህ እያለ?»

«ወንድ ነው አላልኩሽም?»

«ወንድ ከሆነ ታዲያ ዳረው እንጂ! ምን እስኪሆን ትጠብቃለህ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ዛፉ ላይ እንዴት እንደሚያፈራ አንቺስ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ደርቆ፣ በልጥ ተሰክቶ ሲመጣልኝ ነው የማውቀው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።» መዝና ትሰጠዋለች፤ እሱም እየሳቀ፣ ግን ውስጡ ትንሽ እያረረ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ባለፈው መጋቢት ወገቡ ያዘው። መያዝ ብቻ አይደለም፣ ካልጋ መነሳት አቃተው። ጤና ጣቢያ ወስደውት መርፌ ተወጋ፤ ሐኪሟም ክረምቱ እስኪወጣ መኮትኮቻ የሚባል ነገር በእጅህ እንዳትነካ አለችው። ለጋሽ ካሣዬ ይህ መንጃ ፈቃድ እንደመነጠቅ ነው። ግን ወገብ ነውና ተቀበለ።

በግንቦት ደግሞ የሺሃረግ ነገር አመጣች። የሺሃረግ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ እሷም ጡረታ ወጥታለች። ልጆቻቸው አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው።

«ከዋንዛው ስር ያለው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል እናውጣበት» አለችው እራት ላይ። «የዩኒቨርሲቲው ልጆች የሚከራይ አጥተው ከተማውን ሲዞሩ ነው የሚውሉት።»

«ኮረሪማዬ ላይ?»

«ምኑ ነው ኮረሪማ? ቅጠል እኮ ነው ያለህ።»

«ያፈራል።»

«መቼ?»

«ዘንድሮ!» አለ። አፉ ቀደመው። በምን እርግጠኛ ሆኖ እንዳለው እሱም አያውቅም፤ ጓሮውን ሊነኩበት ነው ብሎ ሲያስብ ጊዜ ልቡ ደንግጦ ነው።

የሺሃረግ ትክ ብላ አየችው። «እሺ፣ እንዋዋል። እስከ መስቀል አንድ ፍሬ ካሳየኸኝ ይቅር፤ ሁለተኛ አላነሳውም። ካላፈራ ግን ግንበኛውን ማቴዎስን ጠርቼ አስቆፍራለሁ።»

«ይሁን» አለ። አለና እራቱን ገፋ አደረገው። አይ ካሣዬ! ወንድ ነው ብለህ ላገር ለጎረቤት ስታወራ ከርመህ፣ አሁን በወንድ ኮረሪማ ትወራረዳለህ?

ክረምቱ ገባ። ሚዛን ላይ ክረምት ሲገባ እንግዳ አይመስልም፣ ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ጋሽ ካሣዬ ዝናቡ ጋብ ሲል በርጩማውን ይዞ፣ ካፖርቱን ደርቦ ጓሮ ይወጣል፤ መኮትኮቻ አይነካ፣ ምን ያድርግ፣ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ በመስኮት ሲያልፍበት የኖረውን አረንጓዴ ነገር ቁጭ ብሎ ሲያየው ይኸው የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ሰለቸው። ከዚያ አንድ ቀን ጎደሬው ላይ ያረፈች የዝናብ ጠብታ እንደ ዶቃ ክብልል ብላ ወርዳ፣ ቅጠሉ ድርቅ ብሎ ሲቀር አየ። «እንዴ!» አለ። ተነስቶ በኩባያ ውሃ አምጥቶ አፈሰሰበት። ውሃው ተሰባስቦ ተንከባለለ። ደገመው። ቅጠሉ አሁንም ደረቅ ነው። እንሰቱ ላይ አፈሰሰ፤ እሱ ረጠበ። ታዲያ ይህኛው ምን ቢቀባ ነው?

«የሺ! ጎደሬ ለምንድነው ውሃ የማይዘው?»

«ላዩ እኮ...» ብላ የሺሃረግ ከማድ ቤት መናገር ስትጀምር፣ የሱ ዓይን አጥሩ ላይ ያለችው እስስት ላይ ሄዷል። አንድ ዓይኗ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ያያል። ስፖኪዮ የማያስፈልጋት ፍጡር! አፉን ከፍቶ ቀረ። የሺሃረግ የምትለውን ብላ ጨርሳ ዝም ስትል፣ ዝም ማለቷንም አላወቀም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱን ገፋው። ጉንዳን ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ዕንቁላሉን ተሸክሞ ወዴት እንደሚሄድ ተከተለ። ቀንድ አውጣ የዝንጅብሉን ቅጠል ስትበላ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠ፤ የሚሰማ መሰለው። የሙዙ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጥቶ በስንት ቀን እንደሚዘረጋ ጠዋት ጠዋት እየተነሳ አየ። ደስ አለው። ደስታው ማንም የማይቀማው ዓይነት ነበር፣ ከማንም ጋር የማይጫረቱበት። ጆሮው ውስጥ ያለው ሞተርም አንዳንድ ቀን ጸጥ ይላል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግንበኛው ማቴዎስ መጣ። ሲባጎ ይዞ ለካ፤ ኮረሪማው መሃል ገብቶ ችካል ቸከለ። ጋሽ ካሣዬ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያያል።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ምልክት ነው» አለ ማቴዎስ ፊቱን አይቶ። «ካልሆነ ይነቀላል።»

«ግዴለም፣ ሥራህን ሥራ» አለው። ግዴለም ይበል እንጂ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ማታ ጋደም ብሎ መስቀል ስንት ቀን እንደቀረው ሲያሰላ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሌላ ቦታ አለው እንዴ? መናኸሪያ ሄዶ ሰው ሊያማ ነው? ሳሎን ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሊያይ ነው? ከመኪናው ወርዶ ማረፊያ ያገኘው እዚህች ጥግ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ ክረምቱ መድከሙን የምትናገር፣ ቀጠን ያለች ፀሐይ። መሬቱ ይተናል። ጋሽ ካሣዬ እንደ ልማዱ የአገዳውን ጫፍ እያየ ሳለ፣ አንድ ወፈር፣ ጠቆር ያለ ንብ መጣ። እየጮኸ ጎደሬውን አለፈ። ሽቅብ ይወጣል ሲል ቁልቁል ወረደ፤ ኮረሪማው ስር፣ ጨለማው ውስጥ ገባና ጠፋ። ድምፁም ቆመ።

«ይሄ ደግሞ እታች ምን ረስቶ ነው?» አለ ጋሽ ካሣዬ።

ጠበቀ። ንቡ ወጥቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ፤ እሱም ቁልቁል። አሁን መቀመጥ አልቻለም። ማጎንበስ ደግሞ ወገቡ አይፈቅድለትም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጆንያ አምጥቶ መሬት ላይ አነጠፈ፤ ድሮ መኪናው ስር እንደሚገባው በጀርባው ተንጋለለና እግሩን ወደ ውጭ ትቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኮረሪማው ውስጥ እያንፏቀቀ ገባ። አንገቱን ዞር አደረገ።

አበባ ነው። እዚያው አፈሩ ላይ፣ ከበሰበሰው ቅጠል መሃል፣ ከአፍንጫው ስንዝር ርቀት ላይ። ነጣ ብሎ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ጉሮሮው ቢጫ የሆነ፣ ስስ አበባ። አገዳ አልያዘውም፣ ቅርንጫፍ አልያዘውም፤ ከመሬት ነው ብቅ ያለው። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። የረገፈውን ቅጠል በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ ደግሞ ቀይ ነገር ታየ። ጫፏ ሾጠጥ ያለ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ እንደ በርበሬ የቀላች ፍሬ። ቀጠፋትና አሸተታት። ኮረሪማ!

መጀመሪያ ሳቀ። ተንጋሎ፣ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ቀጥሎ መኮትኮቻው ትዝ አለውና ሳቁ ቀዘቀዘ። ያ ሁሉ ክረምት ሽቅብ እያየ፣ ከስር ብቅ ያለውን ሁሉ በገዛ እጁ ሲፍቅ፣ ሲጠርግ፣ አጥር ላይ ሲጥል ኖሯል። ዘንድሮ ወገቡ ባይዘው ኖሮ አሁንም ይጠርገው ነበር። እሱን ብሎ ወንድ! ወይ ጉድ!

ልነሳ ሲል ወገቡ እምቢ አለ። «የሺ! የሺ!» ብሎ ተጣራ።

የሺሃረግ ከማድ ቤት እየሮጠች መጣች። ያየችው ከኮረሪማው የወጡ ሁለት እግሮች ነው። «በስመአብ! ምን ሆንክ? ወደቅክ እንዴ?»

«አልወደቅኩም! ነይ እዪ! ከስር ነው! ከመሬት ነው የሚያፈራው!» ፍሬዋን በቅጠሉ መሃል አሾልኮ አሳያት። «ይኸው! እስከ መስቀል አላልሽም?»

የሺሃረግ ፍሬዋን አየቻት። አልደነቃትም። «አይቻለሁ» አለች።

«መቼ?»

«ትናንት፣ ማቴዎስ ከሄደ በኋላ ቅጠል ልቆርጥ ስገባ።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«ራስህ ታገኘዋለህ ብዬ ነዋ።»

ተንጋሎ እንዳለ ትንሽ አሰበ። «ከመሬት እንደሚያፈራ ቀድሞም ታውቂ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው ካሣዬ? የጌጫ ልጅ እኮ ነኝ። እየለቀምኩ፣ እየመጠጥኩ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?» አሁን ድምፁ ቁጣ ገባበት። «ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ!»

የሺሃረግ ጎንበስ ብላ በብብቱ ይዛ ቀስ አድርጋ አስነሳችው፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቅጠል አራገፈችለት። ከዚያ ነው የተናገረችው።

«ነግሬሃለሁ» አለች። «የተከልነው ቀን ነገርኩህ። ሥሩን እንዳትነካ፣ አበባው ከመሬት ነው የሚወጣው አልኩህ። እሺ አልከኝ። ከዚያም ስትኮተኩት አይቼ ነገርኩህ፤ እሺ አልከኝ። ደግሜ ነገርኩህ፤ አሁንም እሺ። ከዚያ ተውኩት።»

ጋሽ ካሣዬ ሊያስታውስ ሞከረ። ከአዲስ አበባ የሚመለስበትን ማታ አስታወሰ፤ አቧራውን፣ ጭቃውን፣ ጆሮው ውስጥ የሚጮኸውን። እራት ሲቀርብ፣ የሺሃረግ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስታወራ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ። የተናገረችው ነገር ግን አንድም ቃል አልመጣለትም። የመጣለት የራሱ «እሺ» ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ወስዳ አስቀመጠችው፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ሰማዩ እንደገና ዳመነ።

«ይኸው ረታኸኝ» አለች። ቂም የለባትም። «ዛሬውኑ ለማቴዎስ ደውዬ ችካሉን ንቀል እለዋለሁ። ጓሮው ያንተ ነው።»

ጓሮው ተረፈ። ደስ ሊለው በተገባ ነበር፤ ግን የራሱ «እሺ» ከጆሮው አልወጣለት አለ። ፍሬዋን በመዳፉ እያገላበጠ ቆየ።

«የሺ።»

«አቤት።»

«ሌላስ ምን ነግረሽኝ ነበር?»

ሳቀች። «ኧረ በማርያም ተወኝ!» ዞር ብላ ስታየው ግን አልሳቀም። እሷም ሳቋን ተወች። ጣቶቿን አፍተለተለች።

«ቤቱ ጭር አለብኝ ብዬህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጡረታ የወጣሁ ሰሞን። ቀኑን ሙሉ ጢቸር፣ ጢቸር ሲሉኝ ውዬ ነበር የምገባው፤ ስገባም ልጆቹ ነበሩ። አንተ በሞተር ጆሮህ ተቃጥሎ ዝምታ ስትፈልግ አውቃለሁ፣ አልፈርድብህም። እኔን ግን ዝምታው ሊገድለኝ ነው። ኪራዩን ፈልጌ መሰለህ ክፍል ይሠራ ያልኩት? በሬን አንኳኩቶ 'እትዬ፣ ጨው አላችሁ?' የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው። አንድ ተማሪ ሲያጠና ድምፁን ብሰማ ብዬ ነው። ይህንንም ነግሬሃለሁ። ጎደሬው ዘንድ ነበርክ።»

ጋሽ ካሣዬ እንደ ሾፌር፣ የተበላሸ ነገር ሲነገረው ቶሎ መፍቻ ፍለጋ ነው እጁ የሚሄደው። «የጎማና የመለዋወጫ ዕቃዬን ክፍል ልልቀቀውና...»

«ካሣዬ፣ ስለ ክፍል አይደለም አሁን የማወራህ።»

እሷ ቀጠለች። ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ። የሚዛን ዝናብ ነው፣ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ወረደበት። የሺሃረግ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል፤ እሱ ግን የሚያየው ከንፈሯን ብቻ ነው። አንዲት ቃል አይሰማም። «እሺ» ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች።

ዋጣት። ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ፣ መቀመጫውን እየጎተተ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ተጠጋት፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፏ አቀረበ።

«አልሰማሁሽም» አላት ጮክ ብሎ። «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»